«በሞቴ» የማይበግረው አማች

እኔን ሸዋረገጥን፣ «በሞቴ» ብዬ እምቢ ያለኝ ሰው የለም። ካላመናችሁ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር መጥታችሁ ጠይቁ። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ልጅ እንኳ ሳይበላ ከደጄ አልወጣም። ጎረቤቴ ሳቢሃማ «እትዬ ሸዋ ቤት የምጠራ ቀን ቁርስ አልበላም፣ ወላሂ!» ትላለች።

ባለቤቴ ዋቅጋሪ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በደጉ ጊዜ መንገድ ላይ አሰንዳቦ ከተማ ቆም ብሎ ሞተር ሳያጠፋ ምሳውን ጨርሶ የሚነሳ ሰው ነበር። ዛሬም ያው ነው። ዓይኑ ኳስ ላይ፣ እጁ ትሪው ላይ። እኔ እጨምራለሁ፣ እሱ ይውጣል፤ ከዚያ ቀበቶውን ፈትቶ ሶፋው ላይ ያቃስታል። እኔም ደስ ይለኛል። ያላቃሰተ ሰው ደግሞ በላ ይባላል?

ታዲያ ልጄ ጊፍቲ አንድ ቀን «እማዬ፣ የምወደው ሰው አለ» አለችኝ። ኤርሲዶ ይባላል፤ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ እዚህ ጅማ ኮሌጅ ያስተምራል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልየው፣ እሑድ ለምሳ ይምጣ አልኳት። ይሄን ስትሰማ ፊቷ ቅጭም አለ።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ኤርሲዶ ሲጠግብ ያቆማል። በሞቴ እያልሽ እንዳታስጨንቂው።»

«ሲጠግብ ያቆማል? ሌላው ሰው መቼ ነው የሚያቆመው?»

«ሌላው ሰው አንቺ ስትፈቅጂለት ነው።»

ምላሷን አያችሁልኝ? ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ስሚኝ» አልኳት፤ «እጄን የገፋ ሰው ልጄን አይወስድም። አለቀ!» አልቅሳ ወጣች። ሸዋረገጥ ግን ከተናገረች ተናገረች ነው።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ዶሮ ስበልት፣ ቁሌት ሳቁላላ አረፈድኩ። ቁጭ ብዬ ሻይ እንኳ አልጠጣሁም። ልጁ በሰዓቱ መጣ። ረጅም ነው፤ ቅጥነቱ ግን! ይሄን ልጅ ማን ነው የሚያበላው ብዬ ወዲያው አዘንኩለት። እጁን ታጠበ፣ አጭር ጸሎት አደረገ፣ ከዋቅጋሪና ከጊፍቲ ጋር ትሪው ዙሪያ ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑ ኳስ ያስተላልፋል፤ እኔ እንደ ልማዴ ቆሜ አስተናግዳለሁ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፉ ከመውሰዱ በፊት አሸተተው። ዋ! ምን ሸተተው ደግሞ? ጎረሰ። አላመጠ፣ አላመጠ፣ አሁንም አላመጠ። ላም ታመነዥካለች እንጂ ሰው እንዲህ ያኝካል? ጠጠር አግኝቶ ይሆን? ፀጉር ይሆን? ላብ አጠመቀኝ።

«እትዬ፣ ኮረሪማው የጫካ ነው አይደል?» አለኝ ቀና ብሎ። «መጨረሻ ላይ ነው የጨመሩት መሰለኝ፤ ሽታው ገና አልጠፋም።»

ክው አልኩ። ለዋቅጋሪ ሠላሳ ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ፤ ኮረሪማ ይሁን ኮሶ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። በደስታ ልጁን አጎረስኩት። «አንድ ያጣላል!» ብዬ ደገምኩት፤ እሱንም ተቀበለ። ሦስተኛውን ከእንቁላሉ ቆንጠር አድርጌ ጠቅልዬ ሳነሳ ጊፍቲ ዓይኗን ጨፈነች። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ይባረኩ እትዬ፤ ጠገብኩ።»

«በሞቴ!»

«እርስዎማ አይሙቱብኝ» አለ ፈገግ ብሎ። «ተማሪ ሳለሁ እየተሯሯጥኩ ስበላ ጨጓራዬን ታመምኩ። ከዚያ ወዲህ ቀስ ብዬ እየበላሁ ሆዴን አዳምጠዋለሁ። አሁን በቃኝ ብሏል። ከዚህ በላይ ብበላ ይሄ ሁሉ ጣዕም ሕመም ይሆንብኛል።»

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ፤ ወጡ በክንዴ መውረድ ጀመረ። የጊፍቲ ዓይን እንባ ሞልቷል፤ ቃሌን ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። በል ልጄ፣ መንገዱ ጨርቅ ይሁንልህ ልለው አፌን ስከፍት ዋቅጋሪ ከትሪው ሸሸት አለ።

«ሸዋ፣ አኒስ ቁፌራ።» ዋቅጋሪ የምሩን ሲሆን ወደ ኦሮምኛ ነው የሚዞረው። «እኔም ጠግቤያለሁ። የጠገብኩት ደግሞ አሁን አይደለም፤ ቅድም ነው። ሁልጊዜም ቅድም ነው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልተናገርክም?»

«ትሞቻለሽ ብዬ ነዋ!»

ጊፍቲ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን መሳቅም መቆጣትም አቅቶኝ ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ይሄኔ ልጁ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ እርስዎስ? እኛን ሲያበሉ ነው የዋሉት። አልራብዎትም?»

«እኔ? እኔንማ ሽታው አጥግቦኛል» አልኩ። ሁልጊዜ የምለው ነው። አፌን ሳልዘጋ ሆዴ ጮኸ። ኧረ ጉድ! ኳሱን ከሚያስተላልፈው ሰውዬ በላይ ነው የጮኸው።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አለ ዋቅጋሪ፤ ቴሌቪዥኑንም አጠፋው።

ሁላቸውም ሳቁ፤ እኔ ግን ልጁን ትኩር ብዬ አየሁት። ራበሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ማን ነበር? በዚህ ቤት ጠያቂዋም፣ አጉራሿም እኔ ነኝ። ጊፍቲ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ያ ልጁ ያልተቀበለው ጉርሻ አሁንም እጄ ላይ ነው። ራሴ ጎረስኩት።

እንደ ልጁም አላመጥኩ። ሽንኩርቱ ሟሙቶ ጣፍጧል፤ በርበሬው ይሞቃል፣ ግን አይቆጣም፤ ኮረሪማው ከሁሉም ኋላ መጣ።

«እግዚኦ!» አልኩ፤ «ለካ ባለሙያ ነኝ!»

ዋቅጋሪ እየሳቀ ትን አለው። ማንም አላጣደፈኝም፤ እያጣጣምኩ በላሁ፤ እነሱም እያወሩ ጠበቁኝ። ትንሽ ቆይቶ እጄ ራሱ ዘገየ። ሆዴ በቃሽ እያለኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሲናገር ሰማሁት! ያቺ ተንኮለኛ ልጄ ግን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፌ ድረስ አመጣችው።

«እማዬ፣ በሞቴ!»

«ሞትሽን ለጠላትሽ ያድርገው! እናትሽ ጠግባለች።»

ልጁ ሊሄድ ሲነሳ ጊፍቲ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

«ሽማግሌዎችህን ላክ» አልኩት።

«ቃልሽስ?» አለችኝ ጊፍቲ።

«ቃሌንማ ከዶሮው ጋር በላሁት።»

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሬ ልጁን ተጣራሁ።

«ስማ ኤርሲዶ! ሽማግሌዎቹ ግን በደንብ ርቧቸው ይምጡ፤ በሞቴ!»