ሁለተኛ ማርሽ

«አህያ እንኳ ትቀድመን ነበር እኮ!» አለች ፀደይ፣ ንፍሮውን እየዘገነች። ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ታፈነ። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው፤ የኤርጫፎን አነዳድ እያነሱ አለመሳቅ ግን ከባድ ነው።

የሚኒባስ ሹፌሩ ኤርጫፎ ከሞተ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ከጨንቻ ወደ ሲቀላ ሲመለስ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ያቆማል፣ ፍሬኑን ይሞክራል፣ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፤ ከዚያ እስከ ታች ድረስ ማን ቢለምነው አይቀይርም። አህያ ቀደመችን ብለው ሲጮሁበት «ትቅደም፤ እሷንም የሚጠብቃት አለ» ይላል።

ሚስቱ አገኘሽም ጮኻበታለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የቀዘቀዘ እራት በኩርፊያ ስታቀርብለት ኖራለች። አሁን ያ መዘግየቱ ናፈቃት። ነገ ይምጣ፣ ከነገ ወዲያም ይምጣ፤ ብቻ ይምጣ።

የገደለው ክብሩ የሚባል ወጣት የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ያንኑ ቁልቁለት አፕል ጭኖ ሲወርድ፣ ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን አወጣው። ሹፌሮቹ ፎሌ ይሉታል። መኪናው በክብደቱ ተንደረደረ፤ ፍሬኑ ግሎ እምቢ አለ። ሽቅብ ይወጣ የነበረው ኤርጫፎ መሪውን ወደ ተራራው ጥግ ጠምዝዞ ቦይ ውስጥ ገባ። የተመታው በእሱ በኩል ብቻ ነበር። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ተረፉ፤ ፀደይም አንዷ ናት።

ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎች ከጨንቻ መጡ። እርጥብ ሳር ይዘው ደጃፉ ላይ ተንበረከኩ። ጋሞ ውስጥ ሳር ይዞ ለተንበረከከ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። አገኘሽ ይህን ስለምታውቅ ገና ስታያቸው ተናደደች፤ እምቢ ማለትን እንኳ ቀሟት። ከኋላቸው በዋስ የወጣው ክብሩ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቷል።

«ልጃችን፣ ይቅር በይልን» አሉ ታላቁ ሽማግሌ።

«እሱ ራሱ ይናገር። ማርሽ ስንት ላይ ነበርክ?»

ሽማግሌው ሊመልሱለት ሲሉ እጇን አነሳች።

«ፎሌ ላይ ነበርኩ፣ እትዬ» አለ ክብሩ ቀና ሳይል። «ጋሽ ኤርጫፎ ስንት ጊዜ መክሮኛል። ስቄበት ነው ያለፍኩት።»

«እኔም ስቄበታለሁ» አለች አገኘሽ፤ እንባዋ ወረደ። ሳሩን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለች። «ተነሱ።»

ንዴቷ ግን አልወጣላትም። ሊሄዱ ሲነሱ ተከትላቸው ወጣች። ክብሩ ሽማግሌዎቹን ባመጣቸው መኪና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ነበር። በሩን በረገደችው፤ ልትመታው የመሰላቸው ሽማግሌዎች ደነገጡ።

«እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

የመኪናውን ቀበቶ ስባ በደረቱ ላይ አሳለፈችና አሰረችለት። መጥበቁን ለማየት አንዴ ሳብ አደረገችው። ከዚያ እጇን ከደረቱ ላይ ማንሳት አቃታት።