ሞተሩ ለምን ሞቀ

የሆስፒታል አንሶላ የሚያጥበው ድርጅት ከከተማው መሃል ተነቅሎ ወደ ኮረብታው ማዶ ሲዛወር፣ ሠራተኛው ሁሉ ትንሽ አጉረምርሞ ዝም አለ። አንዲት ልብስ ተኳሽ ግን ዝም ማለት አቃታት። በአዲሱ ቦታ ሥራ የሚጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ወደዚያ የሚወጣው የመጀመሪያ አውቶቡስ ደግሞ የሚነሳው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። አለቃው ነገሩን አላስረዘመውም። "ከሰኞ ጀምሮ ማሽኑ ሲነሳ ያልተገኘ ሰው፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል" አለና ሻዩን ፉት አለ።

ይህች ሴት አንዲት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት። ባልደረቦቿ "እማ ምናልባት" ይሏታል። ዝናብ ይመጣል ወይ ቢሏት "ምናልባት"፣ ምሳ በላሽ ወይ ቢሏትም "ምናልባት" ስለምትል ነው። መንጃ ፈቃድ ግን አላት። የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ታናሽ ወንድሟ ከዓመታት በፊት "ለክፉ ቀን ይሆንሻል" ብሎ አስተምሯት ነበር። ክፉው ቀን ይኸው መጣ። ያጠራቀመችው ጥሪት ደግሞ የሚበቃው ለአንዲት ትንሽ ያገለገለች መኪና ነው። ተሳስታ ብትገዛ ሁለተኛ ዕድል የለም።

አርብ ማታ ሦስቱ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ እሷ፣ ወንድሟና ልጇ።

"ናፍጣ ነው እንጂ!" አለ ወንድሟ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። "እትዬ፣ ስሚኝ። ናፍጣ እንደ ግመል ነው፤ ትንሽ ይጠጣል፣ ሩቅ ይሄዳል። ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ሃችባክ የሚሏት ዓይነት ትንሽዬ ናፍጣ ፈልጊ። ኮረብታውን ስትወጪ ስትወርጂ ማደያውን ትረሺዋለሽ።"

"አጎቴ የነገረሽ ግማሹን ነው" አለች ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል። "ናፍጣ ለሩቅ መንገድ ነው፣ እማዬ። አጭር አጭር መንገድ ብቻ ከነዳሻት የጭስ ማጣሪያዋ በጥቀርሻ ይታፈናል።"

"እኔ እኮ ለገበያም ትሆነኛለች ብዬ ነበር።"

"ለገበያ በእግርሽ ሂጂ።"

"ሥራዬስ? ሩቅ ነው ወይስ አጭር?"

"ሩቅ ነው!" አለ ወንድም።

"በቂ ሩቅ ነው ወይ ነው ጥያቄው" አለች ልጅ።

እናት አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች። "ታዲያ ልግዛ ወይስ አልግዛ?"

"ግዢ!" እና "አትቸኩዪ!" እኩል ከሁለት አፍ ወጣ።

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ" ብሎ ወንድሟ ሳቀና ወንበሩን አስጠጋ። "ይኸውልሽ፣ አንድ ነገር ብቻ ያዢ። የናፍጣ ሞተር ጤናው የሚታወቀው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ነው። ከሞቀ በኋላማ ሁሉም ይነሳል። ስለዚህ ገና ስንደርስ ኮፈኑን ንኪ። ሞቆ ካገኘሽው ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፣ የሚደብቀው ሕመም አለ ማለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ደግሞ ጭሱን እዪ። ጥቁር ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ነጭ ከሆነ ደግሞ…" ብሎ ሁሉንም አስረዳት። እሷም ሁሉንም ሰማች፤ ሳህኑን አጥባ ስትጨርስ ግን የትኛው ቀለም የትኛው በሽታ እንደሆነ ተደባልቆባት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ደላሎች ዘንድ ሄዱ። አንዱ ደላላ የአንዷን መኪና ጣሪያ እየደባበሰ፣ "ይቺን አንዲት ሐኪም ብቻ ናት የነዳቻት" አላቸው። ሁለተኛውም ስለ ሌላዋ እንደዚያው አለ።

"ያገለገለ መኪና ሁሉ የሐኪም ነው!" አለ ወንድሟ ሲወጡ። "ሐኪሙ ሁሉ መኪና ሲሸጥ ውሎ በሽተኛውን መቼ ነው የሚያየው?"

ከሰዓት በኋላ፣ ልጇ ዳቦ ቤት በር ላይ ተለጥፎ ያየችውን ማስታወቂያ ተከትለው ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ሄዱ። ደውለው ስለነበር በሩ ተከፍቶ ጠበቃቸው። ሴትዮዋ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት።

"ይኸው ሌላ ሐኪም" አለ ወንድሟ በሹክሹክታ።

አዋላጇ ሁለት እጆቿን ሞቅ እስኪሉ እርስ በርስ ካሸች በኋላ ጨበጠቻቸው። መኪናዋ ከግድግዳው ጥግ ቆማለች፤ አመድማ ቀለም፣ ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ናፍጣ። ወንበሯ፣ ጎማዋ፣ ሁሉም ደኅና ነው። እናት የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትነካ የእጇን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አደረገች። እጇን ቶሎ አነሳች። ሞቋል!

"እማማ፣ ዛሬ የት ሄዳ ነበር?" አለ ወንድሟ፤ ፊቷን አይቶ ነገሩ ገብቶታል።

"ኧረ የትም አልሄደችም፣ ልጄ። ከዚችው ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።"

ወንድሟ የእህቱን ክንድ ይዞ ወደ በሩ መራት። ሴትዮዋ ከኋላ ቀረች። "ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ" አለች፤ ድምፅዋ ከልብ አዝኗል። "ይመጣል፣ ይነካታል፣ ይሄዳል። ምን እንዳስቀየምኩ እንኳ የሚነግረኝ የለም።"

እናት መንገዱን ሙሉ ግራ ገብቷት ሄደች። "ፊቷ የውሸታም አይመስልም እኮ።"

"እትዬ፣ ውሸታም ፊቱ ላይ ታርጋ አይለጥፍም።"

"መሞቋ ከፀሐዩ ቢሆንስ?"

"የምን ፀሐይ! ሰማዩ ደመና፣ መኪናዋ ጥላ ሥር!"

እሑድን ስትተኩስ ዋለች። የራሷን ልብስ ጨርሳ መጋረጃውን አወረደች፤ መጋረጃውን ጨርሳ የተተኮሰውን ደገመች። ኮፈኑ ሞቋል፣ ሴትዮዋ ግን የትም አልሄደችም አለች። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው፤ ኮፈን ደግሞ አይዋሽም። ታዲያ ያ ሐዘኗስ? "እማዬ፣ መጋረጃው ሊቃጠል ነው" አለቻት ልጇ። ሰኞ ነገ ነው፣ መኪና የለም።

ጎህ ሳይቀድ ለብሳ ወጣች። እግሯ ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ ሳይሆን ወደ አዋላጇ ቤት ወሰዳት። አሳቧ ቀላል ነበር፤ በዚህ ሰዓት ማንም መኪና አያሞቅም። ብትነሳ ትነሳለች፤ ባትነሳም ያው በአውቶቡስ ዘግይታ መባረሯ አይቀርም። በሩን አንኳኳችና ወዲያው ጸጸታት። የሰው ቤት፣ በዚህ ሰዓት!

የአዋላጅ በር ግን የንጋት እንግዳ ለምዷል። ሴትዮዋ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ፎጣ በትከሻዋ ጣል አድርጋ ከተፍ አለች። "ግቢ፣ ግቢ ልጄ! ምጡ መቼ ጀመረሽ?"

"ኧረ እኔ… እማማ፣ ለመኪናዋ ነው የመጣሁት!"

አዋላጇ ሆዷን አየች፣ ፊቷን አየች፣ ቅዳሜ የመጣችው መሆኗን አወቀች። "ውይ፣ ለመኪናዋ! ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ? ቆይ፣ መጀመሪያ ላሙቃት።"

"አያሙቋት!" እናት የራሷ ጩኸት አስደነገጣት። "ይቅርታ… ግን ለምንድን ነው የሚያሞቋት?"

"ለምን ማለት? በሥራዬ ዘመን አንዲት ሴት በቀዝቃዛ እጅ ነክቼ አላውቅም። እጄንም፣ ፎጣውንም፣ ክፍሉንም አሙቄ ነው የምቀበለው። እንግዳ ሊያያት ሲመጣ ወንበሯ ይቀዝቅዝበት? በቆመችበት አስነስቼ አሞቃታለኋ!"

እናት መሳቅ ይሁን ማልቀስ የሚገባት አላወቀችም። ማመንም አቃታት። እውነት ሊሆን ይችላል፤ በደንብ የተሰፋ ውሸትም ሊሆን ይችላል። "እንግዲያው እንደ ቀዘቀዘች እኔ ላስነሳት" አለች።

ኮፈኑን ነካች፤ በረዶ ነው። ገብታ ቁልፉን አዞረች። አንዲት ብርቱካናማ መብራት ቦግ አለች። እናት ሰዓቱ እየሄደባት ነበርና አንድ ጊዜ ጨርሳ ጠመዘዘችው። ሞተሩ ሳል፣ ሳል አለና ቀጥ አለ።

"አለቀ" አለች በልቧ። "ወንድሜ ልክ ነበር።"

"ምነው ቸኮልሽ?" አለች አዋላጇ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ያቺ መብራት የበራችው ውስጧ እየሞቀ ነው ለማለት ነው። እስክትጠፋ ቆዪ። ገና ነው… ገና… አትግፊ አልኩሽ! አሁን።"

መብራቷ ስትጠፋ አዞረችው። መኪናዋ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠች፣ ከኋላ ጭስ ቡልቅ አለ፣ ከዚያ ድምፅዋ ተስተካክሎ እንደ ተኛ ድመት ማንኮራፋት ጀመረች። እናት ጭሱን ለማየት ዞረች። ግን ጨለማ ነው፤ ጥቁር ይሁን ነጭ እግዜር ይወቅ።

"ይህቺ ደኅና ናት ማለት ነው ወይስ አይደለችም?" ብላ ጠየቀች።

"እኔን ነው የምትጠይቂው? እኔ የማውቀው ሕፃን ሲያለቅስ ደኅና መሆኑን ነው" አለችና አዋላጇ ከጎኗ ገብታ ተቀመጠች። "ንጂ። ሥራ አለሽ አይደል?"

ኮረብታውን ሲወጡ መኪናዋ ጉልበት አነሳት፣ ማርሽ ስትቀንስላት ወጣች። አዋላጇ በመንገድ ላይ ለምን እንደምትሸጣት ነገረቻት፤ ዓይኗ በጨለማ እምቢ ብሏታል፣ ሐኪም መኪና መንዳት ከልክሏታል። ከአዲሱ ሕንፃ በር ሲደርሱ ማሽኑ ገና አልተነሳም ነበር።

አለቃው በሩ ላይ ቆሞ መኪናዋን አየና፣ "ገዛሻት እንዴ?" አላት።

"ምናልባት" አለች እናት ወደ ውስጥ እየሮጠች።

አዋላጇ ቀኑ እስኪነጋ ከመኪናዋ ውስጥ ቆይታ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠችና በአውቶቡስ ተመለሰች። መልእክቷ አጭር ነበር፦ ማታ ይዘሻት ነይ፤ ከፈለግሽ ውል እንጽፋለን፣ ካልፈለግሽ ሻይ እንጠጣለን።

በምሳ ሰዓት ወንድሟ ደወለ። ነገሩን ስትነግረው ጮኸ። "ኮፈኑስ? ኮፈኑ?"

"በረዶ ነበር። በሁለተኛው ነው የተነሳችው። የመጀመሪያው የእኔ ችኮላ ነው።"

"ጭሱስ?"

"ምናልባት ነጭ ነው። ነጭ ሲሆን ምን ነበር ያልከኝ?"

"ምን ዓይነት ነጭ? እንደ ታጠበ አንሶላ ነው ወይስ እንዳልታጠበ?"

"ጨለማ ነበር፣ አላየሁትም።"

"ታዲያ ነጭ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"ምናልባት አልኩ እንጂ መች ነጭ ነው አልኩ!"

ከሥራ ስትወጣ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ቆማ ቀዝቅዛ ነበር። እናት ገብታ ቁልፉን አዞረች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መብራቷን ጠበቀች። ጠፋች። አስነሳቻት፤ በአንድ ጊዜ ተነሳች። አሁን ብርሃን ነው፣ ጭሱን አያለሁ ብላ በሩን ከፍታ ወደ ኋላ ሮጠች። ስትደርስ ጭስ የሚባል ነገር የለም። አልነበረ ይሁን፣ ወይስ እስክትደርስ ጠፍቶ ይሁን፣ አላወቀችም።

ጥቂት ቆማ የጭስ መውጫውን አየችው። ከዚያ ተመልሳ ገባች፣ ውል ለመጻፍ ወደ አዋላጇ ቤት ቁልቁል ነዳች።