በተውሶ ላፕቶፕ

የአገርነሽ ላፕቶፕ የሞተው መብራት ጠፍቶ በኃይል የተመለሰ ዕለት ነው። ደባርቅ ያለው ጠጋኝ ከፍቶ አየውና፣ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ባትለፊበት ይሻላል» አላት። አገርነሽ ቤቷ ሆና አዲስ አበባ ላለ ድርጅት የክሊኒኮችን የመድኃኒት ክምችት የሚቆጣጠር ፕሮግራም ትጽፋለች። አለቃዋ ዓለምብርሃን በላፕቶፑ ምትክ ታብሌት ላከላት።

«አሁን ሁሉም ነገር ሰርቨር ላይ ነው፤ በኔትወርክ ይከፈታል» አላት በስልክ። «እኔ ራሴ በሱ ነው የምሠራው።»

እሱ የሚሠራው ኢሜይል ማንበብ እንደሆነ ታውቃለች።

መጀመሪያ ላይ ክፉ አልነበረም። መብራት ቢጠፋም ባትሪው ይቆያል፤ ትንንሽ ስህተት አልጋዋ ላይ ሆና ታርምበታለች። ሥራው ሲጠነክር ግን መላ አጣች። ኮዱን ስትከፍት ፕሮግራሙ ይደበቃል፤ ኪቦርዱ ብቅ ሲል የስክሪኑን ግማሽ ይሸፍነዋል። ኔትወርክ ከተቋረጠ ደግሞ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው የተራራ መንገድ ሽቅብ ወጣች። ጉም ወርዶ ጣቷ ሲረጥብ ስክሪኑ አልታዘዝ አላት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጣቷን በሹራቧ ስትጠርግ፣ ስትነካ፣ ደግሞ ስትጠርግ ቆየችና ተመለሰች።

ባሏ ሻረው ፊቷን አይቶ፣ «ምነው?» አላት።

«ደክሞኛል። ያደከመኝ ሥራው አይደለም፤ ሥራው ጋ ለመድረስ የምለፋው ነው።»

ሻረው በሚኒባስ እየተመላለሰ ዳባት የሚያስተምር መምህር ነው፤ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፉን ባሮጌ ላፕቶፕ ይጽፍ ነበር። ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ይህን ያዢ። ያንን ወዲህ በዪ።»

«ጽሑፍህስ?»

«የኔ ፊደል መልቀም ነው። በሱም ይለቀማል።»

አይሆንም ብትለውም አልሰማት። በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ታብሌቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጽፍ ጀመር።

አገርነሽ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ኮዱንና ፕሮግራሙን ጎን ለጎን ከፈተች። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ከደኅናው ጋር እየደመረ ስንት ቀን ያስቸገራትን ስህተት፣ ኔትወርክ ሳያስፈልጋት ከምሳ በፊት አገኘችው። ከዚያ ዓለምብርሃን ጋ ደወለች።

«ታብሌቱ ለማየትና ትንሽ ነገር ለማረም ይሆናል። ፕሮግራም ለመሥራት ግን አይሆንም። ላፕቶፕ ላኩልኝ።»

«በሚቀጥለው በጀት እናየዋለን» አላት።

ለመናደድ እንኳ አቅም አልነበራትም።

ላፕቶፑ እስካሁን አልመጣም። ሻረው ከዳባት አንገቱን እያሸ ይመለሳል። «ያንተን ልመልስልህ?» ስትለው፣ «ይበቃኛል» ይላታል። እንደማይበቃው ታያለች። ግን አትመልስለትም።