አራተኛው ሳል

«አሁንስ?» አለ ጃጌሳር።

«አሁን ምንም» አለች ሱምሪያ፣ ፊቷን ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ እንዳዞረች።

ጃጌሳር መርፌውን ከግራ እጇ ጀርባ ላይ ነቀለ። የመርፌውን ጫፍ ተከትላ አንዲት የደም ጠብታ ብቅ አለች። ሱምሪያ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ የሠራውን የዝገት መስመር በዐይኗ እየተከተለች ስለነበር አላየቻትም። እሱ በአውራ ጣቱ ጠረገላትና ጣቱን በሸሚዙ ጫፍ አበሰ።

«እስቲ እንደገና። እኔ ሳስል ምን ትያለሽ?»

«አዎ እላለሁ።»

«ካላሳልኩስ?»

«ዝም። ወንድሜ፣ ልጅ አደረግከኝ እኮ።»

«ልጅማ ብትሆኚ በአንድ ቀን ይገባሽ ነበር። እኛ ይኸው ሳምንታችን።»

ችግሩ ጃጌሳር ሲፈልግ የሚያስል፣ ሲፈልግ የሚተው ሰው አለመሆኑ ነው። ሃያ ዓመት በፊጂ ደሴቶች፣ በሱቫ ወደብ ለእንግሊዞች መርከብ የድንጋይ ከሰል ሲሸከም ኖሯል፤ ደረቱ ውስጥ የቀረውን ከሰል ጎሕ በቀደደ ቁጥር ላውጣ እያለ ይታገላል። ከወደቡ በላይ ኮረብታው ላይ ያለው የቱራክ ሰፈር ሰው በሙሉ በዚያ ሳል ነው የሚነሣው። ፊት ለፊት የሚኖሩት ፊጂያዊቷ እማማ ሊቲያና፣ «አውራ ዶሮዬ መጮህ የተወው በጃጌሳር አፍሮ ነው» ይላሉ።

ስለዚህ ሁለት ሳል መለየት ነበረባቸው። የእውነቱ ከሆድ ይነሣል፣ ትከሻ ያናውጣል፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። የውሸቱ አጭር ነው፤ ከጉሮሮ ብቻ፣ አንድ ጊዜ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰማሁትን ሳል አልለይም?» ብላ ተቆጥታዋለች ሱምሪያ። ለነገሩ ያሳለው ሃያ ዓመት ነው፤ እሷ ግን ስትቆጣ ለዓመት አትሳሳም።

እጇ እንደማይሰማት ያወቀችው ባለፈው የዝናብ ወራት ነው። የሰው ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ የጥብስ ጠረን ሸተታት። «ዛሬ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?» ብላ በመስኮት ተጣራች። መልስ ሳይመጣላት ዝቅ ብላ ብታይ፣ የከሰል ካውያው የገዛ እጇ ላይ ዐርፏል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ተወ። በጠባሳው ዙሪያ ግን ነጣ ያለ ቆዳ ነበር፤ ካውያው ሳይነካው በፊትም እዚያው የነበረ። የበሽታውን ስም ሁለቱም ያውቁታል፤ በቤት ውስጥ ግን አንድም ቀን አልጠሩትም። ያ በሽታ የተገኘበት ሰው ወደ ማኮጋይ ደሴት ይወሰዳል። እዚያ ሕክምና አለ፣ ምግብ አለ፣ መነኮሳቱም ደጎች ናቸው ይባላል። ሱምሪያ ከምታውቃቸው ሰዎች ግን ሄዶ የተመለሰ የለም።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ደግሞ መርከብ አለ። ከሕንድ መጥተው በሸንኮራው እርሻ የአምስት ዓመት ውላቸውን ፈጽመው የቀሩትን ሰዎች መንግሥት ወደ ካልካታ የሚመልስበት መርከብ ነው። የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ፣ ጭራሽም ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ የለም። ሐኪም ያላሳለፈው አይሳፈርም። ባለፈው ጊዜ አንድ የሬዋ ወረዳ ሰው ጉንጩ ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ነገር ታይቶበት፣ ዐይኑን አስጨፍነው በመርፌ ሲወጉት ምንም ሳይሰማው ፎቶግራፍ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር አሉ። ጃጌሳር ይህን ከሰማ በኋላ ነው የሳሉን ዘዴ ያወጣው።

ሱምሪያ ጥቅልሏን ፈታ አንድ ጊዜ አየችና መልሳ ቋጠረችው። ሁለት ልብስ፣ አንድ የናስ ጽዋ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ አዲስ የመርከብ ገመድ። ገመዱ ከሁሉም ይከብዳል።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ከመንደሯ የወጣችው ለገመድ ነበር። የጉድጓዱ ገመድ ተበጥሶ ባልዲው ውስጥ ቀረ፤ የሦስት ዓመት ልጇን ዱላሪን ከጉድጓዱ ራቅ አድርጋ ከማንጎው ዛፍ ሥር አስቀመጠቻት። «ገመድ ይዤ እስክመጣ ከዚህ እንዳትነሺ» አለቻት። ገበያው ላይ አንድ ደህና የለበሰ ሰው፣ ከወንዙ ማዶ ርካሽ ገመድ አለ፣ ሥራም አለ፣ ማታ ትመለሻለሽ አላት። ከወንዙ ማዶ ባቡር ነበር፤ ከባቡሩ ማዶ ካልካታ፤ ከዚያ ማዶ ይህ ሁሉ ባሕር። ዱላሪ አሁን የአራት ልጆች እናት ናት። አምና በሰው እጅ ያስጻፈችው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ «ጉድጓዱም ዛፉም አሉ። እኔም እዚሁ ነኝ። እናቴ ከሆንሽ ነይ።»

በዝናቡ ውስጥ ቁልቁል ሲወርዱ ጃጌሳር ጥቅልሏን ልያዝልሽ አላት፤ እንቢ አለች።

«ቆይ፣ አንተ ግን ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?»

«ሳሌን አገር ላሳየው።»

«እውነቱን ጠይቄሃለሁ።»

ጃጌሳር የሸሚዙን ኮሌታ ወደ ላይ አነሣ። የሱን መንደር ወንዙ መንገዱን ቀይሮ ከነመቃብሩ በልቶታል፤ ይህን የሰማው ከዐሥር ዓመት በፊት ነው። ሲመዘገብ ጸሐፊው «መንደር?» ቢለው የሷን መንደር ስም ሰጠ። ዝምድናም ሲጠየቅ «ወንድሟ» አለ። ውሸትም አልነበረም፤ በአንድ መርከብ ሆድ ውስጥ ባሕር የተሻገሩ ሰዎች ወንድምና እህት ናቸው፤ ልጆቻቸው እንኳ አይጋቡም። ያኔ ሱምሪያ እህል አልቀመስ ብላ የመርከቡን አጥር ተደግፋ ውኃውን ስታይ ስትውል፣ የሷ ወገን ያልሆነው ይህ ሰው ነው መጥቶ ጥሬ ሽንኩርት ከአፍንጫዋ ሥር የያዘላት። «አሽትቺው፤ ከዚህ የባሰ ሽታ ስለሌለ ባሕሩን ትረሺዋለሽ» ብሎ ነበር።

«አንቺ ከሄድሽ» አለ በመጨረሻ፣ «ቱራክ ውስጥ ሳሌን የሚሳደብልኝ ማን አለ?»

ተጓዦቹ የተሰበሰቡት ወደቡ ዳር ካለ ረጅም መጋዘን ውስጥ ነበር። ጥቅልል፣ ጃንጥላ፣ በቅርጫት የገባ ዶሮ፣ እርጥብ ሰው። ስማቸው ሲጠራ አስተርጓሚው ሙኔሽዋር ወደ ሐኪሙ ክፍል አስገባቸው። ሙኔሽዋር ሱቫ የተወለደ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው፤ ቱራክን በሙሉ ያውቃል።

ሐኪሙ ረጅምና ከጠዋት ጀምሮ የሰው ምላስና የዐይን ቆብ ሲያይ የዋለ ሰው ነበር። የጃጌሳርን ደረት አዳምጦ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለ ጃጌሳር።

«ውስጥዎ ባቡር አለ ነው የሚለው። ግን አባ ጃጌሳር፣ ባቡርም ቢሆን ካልካታ ይደርሳል።» ወረቀቱ ላይ ማኅተም ዐረፈ።

ጃጌሳር ማኅተሙን አላየውም። ወደ በሩ ፈቀቅ ብሎ እንደ ወንድም ቆመ።

ሱምሪያ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሐኪሙ ምላሷን አየ፣ ዐይኗን አየ፣ ከዚያ ግራ እጇን ይዞ ቆየ።

«ካውያ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ልብስ ተኳሽ ነኝ።»

ሙኔሽዋር ተረጎመ። ሐኪሙ እጇን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና ከጠባሳው ወዲያ ባለው ነጭ ቆዳ ላይ አውራ ጣቱን በቀስታ አሳለፈ። መሳቢያውን ሳበ። ሙኔሽዋር ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

«እናቴ፣ ዐይንዎን ይጨፍኑ። ሲነካዎ አዎ ይበሉ።»

ጨፈነች። ዝናቡ በጣሪያው ላይ ነበር። አንድ አጭር ሳል ሰማች፣ ከጉሮሮ ብቻ።

«አዎ» አለች።

ቀጥሎ ክንዷ ላይ ጠቅ አደረጋት፤ ይህንን ራሷ ዐወቀችው። ያለ ሳል «አዎ» አለችና ኩራት ቢጤ ተሰማት። ሁለተኛው ሳል መጣ፤ «አዎ።» ሦስተኛው መጣ፤ «አዎ።» በጨለማው ውስጥ ዛፉን አየችው፤ ከሥሩም ፊቷ የማይታይ አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጣለች። ገመዱን ስትቀበላት ምን እንደምትል ማሰብ ጀመረች።

ጃጌሳር ከማለዳ ጀምሮ ሲውጠው የቆየ ነገር ነበረ። በዝናብ በስብሶ፣ እርጥብ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ተለጥፎ፣ ትንፋሹን እንደ ዕቃ ተሸክሞ ቆሟል። ሐኪሙ መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀምጦ ብዕሩን አነሣ። ይኼኔ አራተኛው ሳል መጣ።

«አዎ» አለች ሱምሪያ። ሌላ ተከተለ። «አዎ። አዎ።»

በሩ ሲንገጫገጭ ሰማች። ትከሻው የተደገፈው በሩ ላይ ነበር። ያን ጊዜ የትኛው ሳል እንደሆነ ዐወቀች፤ አፏ ግን ቀድሟት ነበር።

 ዐይኗን ስትገልጥ እጇ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተዘርግቷል። መርፌው ሳህኑ ውስጥ ነው። የሐኪሙ ሁለት እጆች ወረቀቱ ላይ ናቸው። ሙኔሽዋር ጫማውን ያያል።

ሐኪሙ ጃጌሳርን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ አልተቆጣም። ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ውጭ ይጠብቁ ይላል፣ አባ» አለ ሙኔሽዋር።

ከዚያ እንደገና አስጨፈኗት። አሁን የሚነግራት አልነበረም። ዝናቡን አዳመጠች፤ የሰዓቱን ድምፅ አዳመጠች። እጇ ገና ጠረጴዛው ላይ እንዳለ የምታውቀው ስላስቀመጠችው ብቻ ነው። አዎ ልበል ይሆን ብላ አሰበች፤ በየትኛው ቅጽበት? ከንፈሯን አላቀቀችና መልሳ ገጠመችው።

«ይበቃል፣ እናቴ» አለ ሙኔሽዋር ብዙ ቆይቶ። ስትገልጥ እጇ ላይ አምስት ትንንሽ የደም ነጥቦች ነበሩ።

«መርከቡ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለች።

ሐኪሙ ወረቀቷን ወደ ጎን አድርጎ ሌላ ወረቀት ሳበ።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ በሽቦ አጥር የተለየች አንዲት ክፍል ውስጥ አስቀመጧት። የማኮጋይ ጀልባ የሚመጣው በነጋታው ነው። በረንዳው ላይ ሆና ባሕሩን ታያለች፤ መርከቡ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ሰዎቹን መርከቡ ድረስ የሚያደርሱት ሰፋፊ ጀልባዎች በወደቡ መሰላል ሥር ተደርድረዋል።

ጃጌሳር አጥሩን ይዞ ቆመ። ወረቀቱ በእጁ እርሷል።

«ከደረቴ ነው የመጣው» አለ። «እኔ አላመጣሁትም፣ ሱምሪያ።»

«አውቃለሁ።»

«ልይዘው ሞክሬ…»

«አውቃለሁ አልኩህ። በሩ ነግሮኛል።»

 እሷ ጥቅልሏን ፈታች። ልብሶቹን አወጣች፣ ጽዋውን አወጣች፤ ገመዱን ከሥር ጎትታ በአጥሩ ላይ ወረወረችለት። እንደ ልጅ በደረቱ ተቀበለው።

«ሂድ» አለች።

«ሄጄ ምን እላታለሁ?»

«ምንም አትበል። ጉድጓዱ ላይ እሰርላት።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? አበላለሁ፣ እታከማለሁ።» ከዚያ ልትስቅ ሞከረች። «ማኮጋይ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው አሉ። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የለም።»

ጃጌሳር አልሳቀም። ወረቀቱን አየ፣ ገመዱን አየ። እሷ ሂድ ያለችው ከልቧ ነበር። ጣቶቹ ከሽቦው ሲላቀቁ ግን ልቧ ሌላ ነገር አለ፤ ምን እንዳለ ለራሷም አልተናገረችውም። ገመዱን ትከሻው ላይ አጥልቆ በዝናቡ ውስጥ ሄደ። ከመጋዘኑ በር ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙ ወደ መሰላሉ፣ ግራው ወደ ቱራክ ዳገት። በሩ ጋ ቆመ። አንድ የሻንጣ ጋሪ መሐል ገባ፤ ጋሪው ሲያልፍ እሱ እዚያ አልነበረም።

ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ሱምሪያ የሰዎቹን ራስ ለመለየት ብዙ ጣረች። ጃንጥላና ጥቅልል ብቻ ነው የሚታየው። አንዱ ትከሻው ላይ ክብ ነገር ያጠለቀ መሰላት፤ ቅርጫትም ሊሆን ይችላል። ከመርከቡ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል፣ ስም ይጠራራሉ። ከዚያ መርከቡ ጮኸ፤ ጭሱ በዝናቡ ተጭኖ ውኃው ላይ ተኛ።

ጩኸቱ ሲያባራ ሳሉ ተሰማ። ከሆድ የሚነሣው፣ አንዱ ሌላውን የሚጎትተው። ነፋሱ ዙሪያውን ስለሚዞር ከባሕሩ ይምጣ ከዳገቱ ልትለይ አልቻለችም።

ሱምሪያ ግራ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ዐይኗንም ጨፈነች።

«አዎ» አለች።