ከደንክሊ ስም ፊት የገባው ሚስተር

ቶባያስ ራግ በእንግሊዝ አገር በማርልፎርድ ከተማ የክሪኬት ዕቃ መደብሩን ከከፈተ ወዲህ አንድ አመል አውጥቷል፤ ማስታወቂያ መጻፍ። መምቻ ከመሸጥ ይልቅ ስለ መምቻ መጻፉ ሳይበልጥበት አይቀርም። ገበያተኛ ሲጠፋ ባንኮኒው ላይ ይደፋና፣ "በወንዝ ዳር ካደገ አኻያ የተጠረበ፣ የተልባ ዘይት እስኪጠግብ የጠጣ፣ እጅ የማያነዝር" እያለ ይሞነጫጭራል። ለቅልጥም መከላከያው፣ ለጓንቱ፣ ለቀዩ የቆዳ ኳስ፣ ለሁሉም የሚሆን ቃል አያጣም። ከሚጽፈው አንዳንዱ እውነት ነበር። የቀረውንም ውሸት ማለት ይከብዳል፤ ማስታወቂያ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ለአውራጃው ቡድን በደመወዝ የሚጫወት ሰው ነበር። እሱ ኳስ ወርዋሪ፣ ጓደኛው ኢኖክ ደንክሊ ደግሞ መቺ። ሁለቱም ካልሲ ሠሪዎች ከሚኖሩበት ከአንድ ሰፈር የወጡ፣ በባቡር ሦስተኛ ማዕረግ ተጣበው የሄዱ፣ በየእንግዳ ማረፊያው አንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ ሆነው ያደሩ ናቸው። የቶባያስ ትከሻ እምቢ ሲለው ያጠራቀማትን ይዞ ነጋዴ ሆነ፤ ከተማውም "ሚስተር ራግ" ይለው ጀመር። ኢኖክ ይህን የሰማ ቀን የሳቀው ሳቅ ለብቻው ነው። ከዚያ በኋላ መደብሩ በገባ ቁጥር ኮፍያውን አውልቆ እጅ ይነሣና፣ "ሚስተር ራግ፣ ለድሃ የምትሆን ኳስ ይኖርሃል?" ይለዋል። ቶባያስም እጁ የገባለትን ጓንት ይወረውርበታል። ኢኖክ ጓንቱን በአንድ እጁ ይቀልበውና ዋጋው ውድ ነው ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል።

በክሪኬት ሜዳ ግን ሚስተር መባል ቀልድ አይደለም። ለደስታቸው የሚጫወቱት የጨዋ ልጆች በመካከለኛው በር፣ በደመወዝ የሚጫወቱት ደግሞ በጎን፣ የሣር ማጨጃው ከሚቆምበት አጠገብ ባለው በር ይገባሉ። አንድ ቡድን ናቸው፤ አብረው ያሸንፋሉ፣ አብረው ይሸነፋሉ፤ በሩ ግን ሁለት ነው። ለተመልካች በሚሸጠው የውጤት ወረቀት ላይም ከጨዋው ልጅ ስም ፊት ሚስተር ይገባል፤ የተቀጣሪው ስም ዕርቃኑን ይቀመጣል። ኢኖክ እነዚያን የጨዋ ልጆች ሁሉ አጣጥፎ ኪሱ የሚከት መቺ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ደንክሊ ነው፤ ደንክሊ ብቻ። ይህ ለምን ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ዝናብ ለምን ይዘንባል ብሎ የሚጠይቅ አለ እንዴ?

ነገሩ የሆነው ኢኖክ የኳሷን አመጣጥ ለመለየት ዓይኑን ማጥበብ በጀመረበት በጋ ነው። የክለቡ ኮሚቴ የመሸኛ ግጥሚያ ሊያደርግለት ቃል ገብቶለት ነበር። በዚያ ቀን ከበሩ የሚገባው ገንዘብና ባርኔጣ ዞሮ የሚለቀመው ሁሉ የተሸኚው ነው። ጡረታ የለ፣ ሌላ ሙያ የለ፤ ያረጀ ተቀጣሪ ወይ በዚያች ቀን ይተርፋል፣ ወይ የድሆች መጠለያ ይገባል። ኢኖክና ሚስቱ ኬዚያ በገንዘቡ ትንሽ መጠጥ ቤት ሊከራዩ አስበው፣ ኬዚያ የመጋረጃውን ጨርቅ ሳይቀር መርጣ ጨርሳለች።

በዚያው ሰሞን ቶባያስ አዲስ መምቻ አወጣና ኢኖክን ስምህን ለማስታወቂያ አውሰኝ አለው። ኢኖክ፣ ውሰደው፣ እኔስ ምን አደርግበታለሁ ብሎ ሳቀ። ቶባያስ ብዕሩን አንሥቶ "ደንክሊ ራሱ የሚመታበት" ብሎ ጻፈና ቆመ። ስሙ ብቻውን ሲታይ አሳዘነው። ቡድኑን ስንት ጊዜ ከውርደት ያወጣ ሰው እንደ ጋሪ ፈረስ እንዲሁ ይጠራል? ከፊቱ ሚስተር ብሎ ጨመረበት፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ደግሞም፣ መቼስ እውነቱ ይነገር፣ ሚስተር የሚመታበት መምቻ ተቀጣሪ ከሚመታበት ይልቅ ይሸጣል። ለጓደኛው ክብር ይሁን ለዕቃው ገበያ፣ ያን ጊዜ ራሱም ለይቶ አላወቀውም።

ማስታወቂያው በበጋው የመጀመሪያ ግጥሚያ በውጤት ወረቀቱ ጀርባ ወጣ። ፊቱን ላነበበ ደንክሊ፣ ገልበጥ ላደረገ ሚስተር ደንክሊ። ተቀጣሪዎቹ ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል ጉድ ፈላ፤ አንዱ በር ከፍቶ ይይዝለታል፣ ሌላው ጫማዎን ልጥረግልዎ ይለዋል። ኢኖክም አብሮ ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ኬዚያ ማስታወቂያውን ቆርጣ፣ መስተዋት ባለው ክፈፍ አስገብታ፣ ከግድግዳው ሰዓት ጎን ሰቅላው አገኘ። አውርጂው አላላትም። እሁድ ቶባያስን ለምሳ ጠራውና ወደ ክፈፉ በአገጩ አመለከተው።

"አባቴ ይህን ሳያይ ሞተ፣ ቶቢ" አለ።

ከዚያ ወዲያው ስለ በጉ ጥብስ ማውራት ጀመረ። ቶባያስ በዕድሜው ብዙ ጽፏል፤ ያቺን አንዲት ቃል በመጻፉ የኮራውን ያህል ግን በምንም ኮርቶ አያውቅም። ሁለተኛ ቁራሽ ሥጋ ሲጨምሩለትም እምቢ አላለም።

ብዙም ሳይቆይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ኮሎኔል ሄንሾ አስጠሩት። የክለቡን ኳስና መምቻ የሚያቀርበው እሱ ስለሆነ ለዚያ መስሎት ደስ ብሎት ሄደ። ኮሎኔሉ አልተቆጡም፤ ወይን ቀዱለት፣ ስለ ትከሻው ጠየቁት። ከዚያ የውጤት ወረቀቱን በጀርባው አዙረው ፊቱ አስቀመጡለት።

"ደንክሊ ሚስተር መሆኑን አላወቅንም ነበር" አሉ። "ደስ ይላል። እንግዲህ ሚስተር ለሆነ ሰው ባርኔጣ አናዞርም፤ ያዋርደዋል።"

ቶባያስ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ስህተት ከሆነ ግን" አሉ ኮሎኔሉ ለስለስ ብለው፣ "ስህተት ይታረማል። በሚቀጥለው ግጥሚያ ወረቀት ላይ እርማት ይውጣ፤ እኛም የመሸኛውን ቀን እንቆርጣለን።"

አይ፣ አውቄ ነው የጻፍኩት ማለት ይችል ነበር። ቆይ ጓደኛዬን ላማክረው ማለትም ይችል ነበር፤ ይኼኛው እንኳ ምንም አያስከፍልም፣ ኮሎኔሉም አይከለክሉትም። ግን የኬዚያ መጋረጃ፣ የድሆች መጠለያው ግንብ፣ ይህም አልቀረ፣ ክለቡ በየዓመቱ የሚያዘው ኳስ ባንድነት ፊቱ ድቅን አሉበት።

"የማተሚያ ቤቱ ስህተት ነው፣ ጌታዬ" አለ።

ሲወጣ በቀጥታ ወደ ኢኖክ ቤት አመራ። ሊነግረው ነበር፤ በእግዜር ስም ሊነግረው ነበር። ሲገባ ክፈፉ ከሰዓቱ ጎን አለ፣ መስተዋቱ ገና መወልወሉ ነው። ኬዚያ ሻይ ሰጠችው። ኢኖክ ስለ ሜዳው እርጥበት አወራ፣ ቶባያስም ስለ ሜዳው እርጥበት አወራ። መጀመሪያ መሸኛው ይደረግለት፣ ገንዘቡን እጁ ያስገባ፣ ያን ጊዜ እነግረዋለሁ፣ እንስቅበታለን ብሎ ራሱን አታለለ። ሻዩን ጨርሶ ኮፍያውን አደረገና ወጣ።

እርማቱን ጥሩ አድርጎ ጻፈው፤ መቼም እጁ ነው። "ባለፈው ማስታወቂያችን የተቀጣሪው ተጫዋች የደንክሊ ስም ሚስተር ተብሎ በስህተት ወጥቷል። የተከበሩ ደንበኞቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።" ደንበኞቹን ይቅርታ ጠየቀ እንግዲህ። ኢኖክን ይቅርታ የጠየቀው ሰው የለም።

ወረቀቱ የወጣ ቀን በተቀጣሪዎቹ ክፍል አንድም ሰው አልሳቀም። ጫማው የታሰረውም ያልታሰረውም ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ቆየ። ኢኖክ አነበበው፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ወጥቶም እንደ ወትሮው ተጫወተ። ያን ሳምንት ወደ መደብሩ ብቅ አላለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቶባያስ ቀና ይላል፤ የሚገባው ሌላ ሰው ነው።

እሁድ ሲሆን ራሱ ሄደ። ኢኖክ ጓሮ ነበር፤ ድምፁን ሰምቶም ከጓሮ አልመጣም። ከሰዓቱ ጎን የቀረው ሚስማሩ ብቻ ነው። ቶባያስ ሁሉንም ለኬዚያ ዘረዘረላት፤ ኮሎኔሉን፣ ባርኔጣውን፣ መጠለያውን። እሷ ድንች መላጧን አላቆመችም።

"ብትጠይቀው እኮ፣ ቶቢ፣ እሱ ራሱ ሰርዘው ይልህ ነበር" አለችው። "መቼ ሞኝ ሆነና። በራሱ አፍ ሰርዘው ቢል ኖሮ ዕድሜውን ሙሉ ይስቅበት ነበር።"

"አሁን ልንገረው?"

"አሁን ምን ትለዋለህ? አንብቦታል።"

የመሸኛው ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፤ ሕዝቡም አጥሩ እስኪሰነጠቅ ሞላ። በተጋጣሚው ቡድን ውስጥ ከሜዳ የተሰናበቱ የድሮ ተጫዋቾች ስለነበሩ ቶባያስም ተጋብዟል። በእንዲህ ያለ ቀን አንድ ልማድ አለ። ለተሸኚው የመጀመሪያዋን ኳስ ወርዋሪው ሕፃን እንኳ እንዲመታት አድርጎ ያለሰልስለታል፤ እሱም ነካ አድርጎ ይሮጥና አንዲት ነጥብ ይይዛል፤ በባዶ እንዳይወጣ ነው። ያቺን ኳስ ቶባያስ ይወርውራት ተባለ። የድሮ ጓደኛው አይደል?

ኢኖክ በጎኑ በር ወጣ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። የያዘው የቶባያስን አዲስ መምቻ አልነበረም፤ እጀታው በሲባጎ የተጠመጠመ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ አሮጌ መምቻ ነው። ቶባያስ ይህን አይቶ ኳሷን ሱሪው ላይ አሸት አሸት አደረጋት። ቢሆንም አፌ ያልቻለውን ይህች ኳስ ትናገርልኝ ብሎ ተስፋ አደረገ፤ በዚያ በታመመ ትከሻው እንደ ምንም ወረወረ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ የማይስታት ኳስ ነበረች።

ኢኖክ መምቻውን ወደ ላይ አነሣና አሳለፋት። ኳሷ ቀስ ብላ ሄዳ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ነካች፤ ከላያቸው የተጋደሙት ትናንሽ ቁራጮች ሣሩ ላይ ወደቁ። ወጣ ማለት ነው፤ በባዶ። ዳኛው ደግ ሰው ነበርና፣ ውርወራው አይቆጠርም ብሎ ጮኸ። ኢኖክ ግን "ይቆጠራል" አለ፤ መምቻውን ብብቱ ሥር አድርጎ ቶባያስን ሳያየው አጠገቡ አለፈና በመጣበት በር ተመልሶ ገባ።

ባርኔጣው ዞረ፤ ሕዝቡም ሳይሰስት ሰጠ። ኮሎኔል ሄንሾ ራሳቸው ወርቅ ጣሉ ተባለ። መጠጥ ቤቱ ተከራየ፣ የኬዚያ መጋረጃም ተሰቀለ። ቶባያስ ያሰበው አንድም ሳይቀር ሆኗል። ያም ሆኖ ማስታወቂያ ሊጽፍ ብዕር ባነሣ ቁጥር ሆድ ይብሰዋል፤ አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ምን ነበረበት እያለ፣ ቀለሙ ብዕሩ ላይ ይደርቃል። ደንበኞቹ የዚያ ዓመት ማስታወቂያዎቹ አጫጭር መሆናቸውን አስተውለዋል።

ደፍሮ ወደ መጠጥ ቤቱ የሄደው ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ነው። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያሰናዳ፣ ሲሰርዝ፣ ሲያሰናዳ መጣ። በሩን ገፍቶ ሲገባ ኢኖክ ነጭ ሽርጥ አድርጎ ብርጭቆ ይወለውላል።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ሚስተር ራግ" አለው።

ቶባያስ እፎይ ብሎ ሳቀ። የድሮው ቀልድ ተመልሶ መስሎት፣ ከእጁ ላይ ጓንቱን አውልቆ ሊወረውርበት ክንዱን አነሣ። ኢኖክ አልሳቀም። ለመቅለብም እጁን አልዘረጋም። ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና፣ የትኛውንም ደንበኛ እንደሚጠብቅ ሁሉ በትሕትና ጠበቀ።

"ምን ልቅዳልዎ?"

ቶባያስ ጓንቱን ኪሱ ከተተና ቢራ አዘዘ።