በሩን ያስረሳው ምርቃት

ባሌ አለልኝ እስራኤል ከመጣንም በኋላ ሴት ልጅ የምትዳረው በሦስተኛው ነው ባይ ነው። ሽማግሌ መጥቶ በመጀመሪያው ቀን እሺ ከተባለ ልጅቱ የተረፈች ትመስላለች ይላል። ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ሸኝቶ በሦስተኛው ነው የሚሰጠው። አምና ከአሽቀሎን የመጡት ሽማግሌዎች ሁለቴ ተመላልሰው ሰለቻቸውና ልጃቸውን እዚያው አሽቀሎን ዳሩት። አለልኝ ይህን ሲሰማ "ዘመናይ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለኝ። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ልጄ ሽበት ታወጣለች አልኩት። አልሳቀም።

ስለዚህ የኒቭ ሽማግሌዎች ሲመጡ ዓይኔ ከአለልኝ አፍ ላይ ነበር። ኒቭ «ቢሉ ሴንተር» ከሚባለው የገበያ ማዕከል አጠገብ ካለ ሱቅ የሚሠራ፣ የኤሌክትሪክ በር የሚገጥም ልጅ ነው። ልጄ ኢንባር ስሙን ስትጠራ ፊቷ ይበራል። ይህንንም በእንቁላል ተረት ካጣነው ከአለልኝ ጋር በአንድ ገበታ እንደማልቀርብ ለራሴ ምያለሁ።

አርብ ረፋድ ላይ ሁለት ሆነው ከአሽዶድ መጡ። አንዱ ሰማንያን የዘለሉት አባ አለበል ናቸው። ሌላው መኪናውን የነዳው የኒቭ አጎት በለጠ ነው። የሕንፃችን መኪና ማቆሚያ ከምድር ቤት ነው፤ የብረት በሩ ለመግባትም ለመውጣትም በሪሞት ነው የሚከፈተው። ኢንባር በራሷ ሪሞት አስገባቻቸው። ሽማግሌዎቹ በወጉ ተቀምጠው በወጉ ጠየቁ። አለልኝ ጉሮሮውን ጠረገና የማውቀውን ተናገረ።

"ዘመድ ላማክር። ሌላ ቀን ተመለሱ።"

ልንሸኛቸው ወረድን። አለልኝ ከኪሱ አዲስ ሪሞት አወጣ። ከገበያ ነው የገዛው፤ ለሁሉም በር ይሆናል ብለውታል። ተጫነው፣ በሩ ዝም። እጁን ሰቅሎ ተጫነው፣ ዝም። አገጩ ሥር አድርጎ ሞከረ፤ ይህን ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

"አባዬ፣ በእኔ ሻላት ልክፈት፣" አለች ኢንባር፤ ሪሞቱን እዚህ ሁላችንም በዕብራይስጡ ሻላት ነው የምንለው።

"እንግዳዬን የምሸኘው በራሴ ሻላት ነው።"

ኢንባር ስልኳን አወጣች። ሽማግሌ በላከበት ቀን ልጁ በልጅቱ ቤት ሊታይም ሊሰማም አይገባም። እሺ ሳይባል የእኛን ደጃፍ መርገጥማ የማይታሰብ ነው። እሷ ግን ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ፣ አንድ የማታውቀውን በር ጠጋኝ ይቅርታ ጠይቃ እንደምታናግር ሁሉ፣ "ቴክናይ፣ ስሊሓ፣ አንዲት ጥያቄ ነበረችን" አለች። ኒቭም ድምፁን አጎርንኖ እንደማያውቃት ሰው መለሰ። ገና ሻሎም ሲል ነው ያወቅነው። በለጠ ጣሪያውን ያይ ጀመር፤ አለልኝም ጣሪያውን አየ።

"ያ በር በተከፈተ ቁጥር ኮዱን ይቀይራል፣" አለ ቴክናዩ። "ስለዚህ ከሌላ ሻላት መገልበጥ አይሆንም። ሻላቱን ከራሱ ከሳጥኑ ጋር ማስተዋወቅ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሳጥን ክፈቱት፣ ውስጡ ቀይ መጫኛ አለ። ነካ አድርጋችሁ መብራቱ ቦግ ሲል ወዲያው ልቀቁት። ከቆየ የሕንፃውን ሻላት ሁሉ ይረሳል። ነካ ብቻ፣ ቤሰደር?"

"ቤሰደር፣" አለ አለልኝ ሳያስበው፤ ቤሰደር እሺ ማለት ነውና ወዲያው አፉን ያዘ።

በለጠ ሳጥኑን ከፈተ። አለልኝ ጣቱን ሊሰድ ብሎ ቆም አለ። ታላቅ ቆሞ እያለ ታናሽ ነገር አይጀምርም።

"አባ አለበል፣ እርስዎ ይጀምሩልን።"

አባ አለበል ዱላቸውን ለበለጠ ሰጡ። አውራ ጣታቸውን ቀዩ ላይ አሳረፉ። ሳይመርቁ የሚጀመር ነገር ደግሞ የለም።

"የገባ በሰላም ይውጣ።"

"አሜን፣" አልን። መብራቱ ቦግ አለ።

"የወጣ በሰላም ይግባ።"

"አሜን።" ጣታቸው እዚያው ነው።

"ከጎንደር መንገድ አውጥቶ ኢየሩሳሌምን ያሳየን አምላክ፣ ይህን ቤት ከክፉ ዓይን ይሰውረው።"

መብራቱ እንደ እብድ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ኢንባር አየችኝ፣ አየኋት። ሽማግሌ እየመረቀ ማን ያቋርጣል? ከስልኩ ውስጥ ኒቭ "ልቀቁት፣ ልቀቁት" እያለ ይለምናል፤ አለልኝ ሰውየው ለምርቃት ክብር የለውም እንዴ በሚል ዓይን ስልኩን ገላመጠው።

"ልጆቻችሁ ይውለዱ፣ ይክበዱ።"

"አሜን፣" አልን። ስልኩም "አሜን" አለ።

መብራቱ ጠፋ። አባ አለበልም ጣታቸውን አነሱ።

የአለልኝ ሻላት እንደ ቀድሞው ዝም አለ። የኢንባር ሞከርን፣ እሱም ዝም። ቴክናዩ ሳጥኑ ሁሉን ረስቷል፣ ከእንግዲህ ራሴ መጥቼ ነው የማስተካክለው ብሎ ስልኩን ዘጋ። በሩን በእጅ የሚከፍተውን ቁልፍ የያዘው የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ኤላት ሄዶ እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሯል። እንግዳ ምድር ቤት አይቆምም፣ ወደ ላይ ተመለስን።

በሩን እኔ ከፍቼ ይዤላቸዋለሁ፤ አባ አለበል ግን አልገቡም። ደጃፉ ላይ ቆመው በዱላቸው አንኳኩ። ግቡ ከተባሉ በኋላ እንደ አዲስ ተቀምጠው "ልጅህን ለልጃችን ብለን መጣን" አሉ።

"አባ አለበል፣ ይኸማ መምጣት አይባልም፣" አለ አለልኝ።

"ሸኝተኸን አልነበረም?"

"ሸኝቻለሁ።"

"አንኳኳን። ግቡ አልከን። ታዲያ መምጣት ከዚህ ወዲያ እንዴት ያለ ነው?"

አለልኝ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጠረጴዛ እየወለወልኩ ነበር፤ ጠረጴዛው ንጹሕ ነው። ጨንቆት "እንግዲያው ሁለተኛ ይሁን። አሁንም ዘመድ አላማከርኩም" አላቸው። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ከእኔ ወዲያ ዘመድ ማንን ሊያማክር እንደሆነ እንጃ።

ድጋሚ ሸኘናቸው። ታች ስንደርስ መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ጡሩምባ ይነፋል። አርብ ነው፣ ሰንበት ሳይገባ ሁሉም ገበያ ይቸኩላል። ከሁሉም ፊት ጎረቤታችን ናታሊ ናት፤ ሻላቷን እንደ ወተት ቅል እየናጠች ትጫነዋለች። ነገሩን ስንነግራት ከመኪናዋ ወርዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ እኛ ቤት ወጣች። አባ አለበል ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያንኳኩ እሷም ወግ መስሏት አብራ አንኳኳች።

"ቴክናዩ የት አለ?" አለች ገና ሳትቀመጥ።

"ውጭ በሩ ፊት መኪናው ውስጥ ነው፣" አለች ኢንባር። "ግን መግባት አይችልም።"

"ለምን?"

"አባቴ እሺ እስኪል ድረስ።"

ናታሊ ምን እሺ እንደሚባል አልጠየቀችም። በአባ አለበልና በበለጠ መሀል ተቀመጠችና አለልኝን አፈጠጠችበት። "እሺ በላ፣ ነሽማ፣ ነፍሴ። ሱቁ ሊዘጋብኝ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆኑ፤ መምጣታቸውም ሦስተኛ ሆነ። ከታች ጡሩምባው ቤቱን ይንጣል። አለልኝ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ኢንባርን ነው ያየው፤ ልጄ ሁለት እጇን ጭኗ መሀል ቀብራ እንደ ሕፃን ታየዋለች። የባሌ ዓይን እንባ ሞላ። ለካ እሱም እንደ አምናው እንዳይሆን ፈርቶ ኖሯል።

"ሰጥቻለሁ፣" አለ። "ያላ፣ ልጁ ይግባ።"

እልል አልኩ። ናታሊ ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራ እልል አለች፣ ከእኔም አስረዘመችው። ኒቭ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጥቶ የአለልኝን ጉልበት ሳመ፤ ከዚያ ወርዶ የጎረቤቱን ሻላት አንድ በአንድ ከሳጥኑ ጋር አስተዋወቀ። የአለልኝን የገበያ ሻላት ብቻ ሳጥኑ እምቢ አለ። ኒቭ ከመኪናው የሚሆነውን አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው፤ አለልኝም ያለ ክርክር ተቀበለው። በሩ ተከፈተ። ናታሊ ሄደች፣ ሰልፉም ተከተላት።

አባ አለበልን ደግፌ መኪናቸው ውስጥ አስገባኋቸው። አለልኝ እንዳይሰማ ጎንበስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አባ አለበል፣ ልጁ በስልክ ነካ ብቻ ሲል አልሰሙም ነበር?"

"ጆሮዬ ደኅና ነው፣ ዘመናይ፣" አሉኝ ዱላቸውን እያስተካከሉ። "ከአሽዶድ ሦስት ጊዜ መመላለስ የማይስማማው ጉልበቴን ነው።"

ያንኑ ጉልበታቸውን ሁለት ጊዜ ሳምኩት።