የስንቅነሽ አስተያየት

እግዚአብሔር ይመስገን ነው እንጂ ያለችው ስንቅነሽ፣ ሌላ ምን አለች፣ አገልግሎቱ እንዴት ነው ሲሏት ምን ትበል፣ ይቺ ኑሀሚን የምትባል ጠያቂ ግን አንገቷን ደፍታ ታብሌቷን ነካ አደረገችና በጣም ረክቻለሁ ብላ ሞላችላት። ኧረ በስመአብ። ማን ረካ?

ሰመራ ድረስ የመጣችው ለዚህ ነው እንዴ፣ ከአዋሽ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ስትቀቀል ውላ፣ የታማሚ ቤተሰብ አስተያየት ይስጥ ሲባል ይሄኔ ነው የምናገረው ብላ፣ የልጇ የአእምሮ መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ከጠፋ ሁለት ወሩ፣ ታዴዎስ ብቻውን ማውራት ጀምሯል፣ ጫቱም አረቄውም ተመልሷል፣ ባለፈው ሐዲዱ ላይ ተኝቶ ነው ያገኙት፣ አሁን ቤት ነው፣ በሩን ከውጭ ቆልፋበት፣ ጎረቤቷ መዲና በመስኮት ምግብ ታቀብለዋለች፣ አብሽሪ አላህ አለ ብላ ሸኘቻት፣ ለሰው ግን ገዋኔ ሥራ አግኝቶ ሄደ ተብሏል። ልጇን። የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ጅቡቲ ድንበር ገላፊ ሲመላለስ እማ ምን ላምጣልሽ ይላት የነበረውን ልጅ።

ባለሙያውስ እንዴት ያስተናግዳችኋል ትላለች ኑሀሚን፣ ነርሱን ጁነዲንን ማለቷ ነው፣ ታዴዎስ ሲሰድበው እንኳ ወንድሜ እያለ የሚያናግረው እሱ ብቻ፣ መድኃኒት ጠፋ ብትል በማን ሊላከክ ነው፣ በሱ አይደል፣ እሱን ካነሱባት ማን ቀራት፣ ዝም ብትልስ፣ ዝም ካለች ያ ሐዲድ አለ። እህህ። ጎበዝ ነው፣ በጣም ጎበዝ፣ ኑሀሚን ፈገግ ብላ ነካ ታደርጋለች፣ አንድ ብቻ ቀረን እናቴ፣ አገልግሎቱን ለሌላ ቤተሰብ ይመክራሉ?

ለሌላ ቤተሰብ። አጠገቧ ከአሳይታ የመጣች ሴት ተራዋን እየጠበቀች ነው፣ የሐኪም ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ እሷም አልሐምዱሊላህ ልትል ነው፣ ሁላችንም አመስግነን ልንሄድ ነው፣ ወይ ጉድ፣ ይሄ ይሉኝታ ገደል ይግባ!

ሰርዢው፣ የቱን እናቴ፣ ሁሉንም ሰርዢው፣ ጁነዲንን ግን እንዳትነኪው፣ መድኃኒት የለም፣ ሁለት ወር፣ ልጄን ቆልፌበት ነው የመጣሁት፣ ሰምተሻል፣ እኔ እናቱ ቆልፌበት፣ ድምጿ ጮኸ መሰል አዳራሹ ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል፣ ኑሀሚን ጣቷን ታብሌቱ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ታደርጋለች፣ አልቧታል፣ ቦታ አጣችለት፣ እናቴ፣ ትላታለች ቀስ ብላ፣ ይሄን ለየትኛው ጥያቄ መልስ ላድርገው?